በሁዳዴ የሸተተ ቅቤ

የፍሥሐ እግር ሊድን ጥቂት ቀን ሲቀረው አረንጓዴ መግል ቋጠረ።

በማግስቱ የአካለ ወልድ ክንድ። በሦስተኛው ቀን የበላቸው ትከሻ። ሦስቱም ቁስል ሊደርቅ ነበር፤ ሦስቱም ባንድ ሳምንት ተበላሸ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ በከፈተው ስምንት አልጋ ባለው ሐኪም ቤት «መርዝ ነው» ተባለ። ካራቢኜሩ፣ የጣልያን ፖሊሱ፣ መጥቶ ቁስል አጣቢውን ድረስን አሰረው።

«የሁሉንም ቁስል የሚነካ እሱ ነው። እስከ ነገ ካላመነ ይሰቀላል።»

አስተርጓሚው እንዳላማው ይህን በአማርኛ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው።

አስታማሚዋ እሜቴ ወለተ ኪዳን ይህን ሰሙ። ስድስተኛው አልጋ ላይ የልጅ ልጃቸው ዘሪቱ ተኝታለች፤ የፈላ ውኃ ክንዷን ልጦታል። ያቺን ክንድ እንደ እንቁላል ተንከባክቦ የሚያጥብላት ድረስ ነው። እሱ ከተሰቀለ ማን ያጥባታል? መርዘኛው ሌላ ሰው ከሆነስ? ቀጥሎ የማን ተራ ነው?

ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«ፍሥሐ፣ ምን በላህ?»

«ዘመዶቼ ደምበጫ ናቸው። የሐኪም ቤቱን ዳቦ ነዋ።»

«አካለ ወልድስ?»

«እኔ እህቴ የምታመጣውን ሽሮ።»

«ከሌላ ሰው አልቀመሳችሁም?»

«እሜቴ ይሙቱ! እርስዎ ዓይንዎን ነቅለው ያውቃሉ?» ፍሥሐ በሕመሙ መሃል ሳቀ። «ቁራሽ ቢሰጠኝ ያዩ ነበር።»

ምግቡ አይደለም ማለት ነው። ደግሞስ ድረስ የሌላውን ቁስለኛ የታረቀንም ጭን በየቀኑ ያጥባል፤ ቁስሉ ግን አልመገለም። መርዘኛ ቢሆን ታረቀን ለምን ይምረዋል?

የበላቸውን ፋሻ ሊያዩ ጎንበስ አሉ። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

ቅቤ!

ሁዳዴ አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ በከተማው ቅቤ የነካ ድስት የለም። ሌላ ወር ቢሆን አፍንጫቸው ነገሬም አይለው።

«ማን ቀባህ?»

በላቸው ወደ ግድግዳው ዞረ። «ላልናገር ምያለሁ።»

«ሰው እኮ ሊሰቀል ነው!»

«እሜቴ፣ የቀባኝ ሰው ክፉ አይደለም።»

ጋቢውን እስከ ራሱ ሳበ።

ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሐኪሙም ወታደሮቹም ምሳ በልተው ይተኛሉ። እሜቴም ዘሪቱ እግር ሥር ተከናንበው የተኙ መሰሉ። በነጠላቸው ሥር ግን በሩን ያያሉ።

በሩ ሲጥጥ አለ። የገባችው ወለላ ናት፤ ክፍሉን የምትጠርገው የሉማሜ ሴት። ዘሪቱ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ተጣብቆ አሳመመሽ፣ የኔ እናት? ቆይ፣ አለሰልስልሻለሁ።»

ከመቀነቷ ቅቤ የያዘ ቀንድ አወጣች። ከቀንዱ የዶሮ ላባ መዘዘች።

እሜቴ እጇን አፈፍ አደረጉት።

«ሦስቱንም በዚሁ ላባ ነው?»

«እትዬ! ንጹሕ ቅቤ እኮ ነው። ፋሻው ተጣብቆ ሲላጥ እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ፤ አንጀቴ አልችል አለ። ታረቀ አያለቅስም፣ እሱን አልቀባሁትም። ሐኪሙ እንዳይቆጣ ብዬ ነው ያስማልኳቸው።»

እሜቴ ላባውን ወደ መስኮቱ አነሡት። ጫፉ አረንጓዴ ነው።

«ከፍሥሐ ቁስል ወደ ቀንዱ፣ ከቀንዱ ወደ አካለ ወልድ፣ ከእሱ ወደ በላቸው። አሁን ደግሞ ወደ ዘሪቱዬ!»

ወለላ መሬት ላይ ዘፍ አለች። «ወይኔ! ለካ እኔ ነኝ!»

ስሟ ከተነሣ ትሰቀላለች። ካልተነሣ ድረስ ይሰቀላል። እሜቴ ቀንዱን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ እንዳላማውን አስከትለው ሐኪሙን ከእንቅልፉ አስነሡት። ሐኪሙ ከቅቤው ጠብታ ወስዶ በማጉያ መነጽሩ አየ፤ ከመግሉም አየ። በሁለቱም ውስጥ ዓይን የማያያቸው፣ አንድ ዓይነት ተሐዋስያን ነበሩ።

«ማን ነው የቀባው ይላል» አለ እንዳላማው።

እሜቴ ወደ እንዳላማው ተጠጉ። «አንተው እንደሚሆን አድርገህ ንገረው፣ ልጄ።»

እንዳላማው ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ድረስ እንዲፈታ ወረቀት ላይ ጫረ።

«ምን አልከው?»

«እናት የሆነች ሁሉ ታደርገዋለች፣ ያንተም እናት ሳታደርገው አትቀርም አልኩት።»

ማምሻውን ድረስ ተፈታ። ከዚያ ወዲያ ፋሻ የምትቀቅለው ወለላ ሆነች፤ ድረስም ፋሻውን ፈልቶ በበረደ ውኃ ሳያርስ አያነሣም። የሦስቱም ቁስል እያደር ጠገገ።

ለፋሲካ ዘሪቱ ክንዷ ድኖ እቤቷ ገባች። ወለላም በአዲስ ቅል ቅቤ ይዛ መጣች።

«ለዶሮው ነው፣ እትዬ።»

እሜቴ ቅሉን አሸተቱ። ወደ ብርሃን አዙረውም አዩት።

«ያን ላባ የት አደረግሽው?»

«አቃጠልኩት።»

«አመዱንስ?»

ወለላ ሳቋ አመለጣት። እሜቴ ግን እስክትመልስላቸው ይጠብቃሉ።