የቫይታሚኑ ሽታ

ልብስ ሰፊው ሰኞ ረፋዱ ላይ አልጋው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ትራሱ በላብ ርሷል፤ የአንሶላውን ጠርዝ በጥርሱ ነክሶ ቀዶታል። ራስጌው ላይ «ምግብ አይሰጠው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ሰውዬው እንደ ማንም በሽተኛ አልነበረም። ሃያ ዓመት ከስኳር ጋር ከታገለ በኋላ፣ ኢንሱሊን የሚሠሩ ሴሎች እንደ አዲስ በቅለውለት ከመርፌ ተገላገለ ተብሎ፣ ሦስት ወር ሙሉ በሆስፒታሉ የምርምር ክፍል ተኝቶ በእንግዶች ሲጎበኝ የከረመ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓትም እንግዶች ሊያዩት ይመጡ ነበር።

መርማሪው ሲደርስ የምርምሩ አለቃ በር ላይ ጠበቀው። ሠራተኛው ሁሉ «ሊቁ» ነው የሚለው። ሊቁ የመርማሪውን ጫማ አየና ፊቱን ሳያይ፣ «ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል?» አለው።

«ስድስተኛ።»

«እንግዲያው ቀለል አድርጌ ነው የማስረዳህ።»

መርማሪው ስድቧን ዋጥ አደረጋት። ድሮ እናቱን ደግፎ እንዲህ ያለ ኮሪደር ላይ ሲንከራተት፣ አንዱ ነጭ ጋዋን የለበሰ «ማንበብ የሚችል ሰው ይዘህ ና» ብሎ መልሶታል። ይቺም ስድብ ሄዳ ከዚያችኛዋ አጠገብ ተቀመጠች።

እንደ ሊቁ አባባል ጥፋቱ የሟቹ እህት ነው። እሑድ መጥታ ጠይቃዋለች፤ ቤቷም ውስጥ የወንድሟ የድሮ ኢንሱሊን ተገኝቷል። ሴሎቹን ስላላመነች ተደብቃ ወግታዋለች፤ የሴሎቹና የመርፌው ኢንሱሊን ተደምሮ ስኳሩን ከልክ በታች አውርዶ ገደለው። ሴትዮዋ ይህን ከመስማቷ በፊት ፖሊስ ይዟታል።

መርማሪው ነርሷን ብቻዋን አነጋገራት። ሟቹ ጠዋት ጠዋት ከቁርሱ በፊት ከምትሰጠው ቫይታሚን በቀር ሌላ መድኃኒት አይወስድም። ጠርሙሱ ላይ ጽሑፉን የሚለጥፈው ሊቁ ራሱ ነው።

«የት ላይ ነው የምትወጊው?»

«ሆዱ ላይ።»

«ቫይታሚን ሆድ ላይ?»

«እንደዚያ ውጊ ተባልኩ። እኔ ማን ነኝና እጠይቃለሁ?»

ጠርሙሱን ተቀብሎ አውራ ጣቱ ላይ አንዲት ጠብታ አደረገና አሸተተ። ወለል ማጽጃ ወለል ማጽጃ ይላል። ስኳር የነበረባትን እናቱን አሥራ አንድ ዓመት ጠዋትና ማታ የወጋው እሱ ነው፤ ከሞተች በኋላ እንኳ ይህ ሽታ ከጣቱ አልለቅ ብሎት ነበር። ጠርሙሱንና ለምርመራ እየተቀዳ በማቀዝቀዣ የተቀመጠውን የሟቹን የሦስት ወር ደም ሰብስቦ ሌላ ላቦራቶሪ ላከ።

ሐሙስ ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበ። እህትየው በሁለት ፖሊሶች መካከል የወንድሟን ዕቃ የያዘ ፌስታል ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ዶክተር፣» አለ መርማሪው፣ «ኢንሱሊን ከራስ ሰውነት መምጣቱ በምን ይታወቃል? ለስድስተኛ ክፍል እንደሚገባ አድርገው ያስረዱኝ።»

ሊቁ ፈገግ አለ። «ሰውነት ራሱ ሲሠራው አብሮ አንድ ምልክት ደም ውስጥ ይለቃል። በመርፌ የገባ ግን ምልክት የለውም። ገባህ?»

«ገባኝ። የሦስት ወር ደሙ ይኸውና። ምልክቱ አንድም ቀን አልታየም።»

የሊቁ ፈገግታ እዚያው ደረቀ።

«ሴሎችዎ አልበቀሉም። ታዲያ ሦስት ወር ስኳሩን ምን ያዘው? እህቱ የምትመጣው በሳምንት አንዴ ነው። በየቀኑ የሚገባው ይሄ ቫይታሚን የተባለው ብቻ ነው። ላቦራቶሪው ኢንሱሊን ነው ብሏል፤ አፍንጫዬ ቀድሞታል። ከመርፌው በኋላ ቁርሱን ስለሚበላ አልጎዳውም። ሰኞ ግን ለእንግዶቹ ሆዱ በምስል ይታያል ተብሎ ቁርሱ ተከለከለ።»

ነርሷ ግድግዳውን ተደገፈች። «ባዶ ሆዱን እኮ ነው የወጋሁት።»

«አንቺ አላወቅሽም፣ እህቴ። የሚያውቀው የጠርሙሱንም የራስጌውንም ወረቀት የጻፈው ነው።» ወደ ሊቁ ዞረ። ድምፁን ግን አልጨመረም። «ምግቡን ስትከለክል መርፌውን ለምን አልከለከልክም?»

«ስኳሩ እንግዶቹ ፊት ከፍ ይል ነበር፣» አለ ሊቁ። «ጥቂት ሰዓት ይችላል ብዬ ነው።»

ፖሊሶቹ ከእህትየው አጠገብ ተነሥተው ወደ ሊቁ ሄዱ። እሷ ፌስታሉን ፈታች፤ ነጭ ክሩ ገና ያልተነቀለ ጥቁር ኮት ወጣ።

«ለእርስዎ ነበር የሚሰፋው» አለችው ሊቁን። «አዳነኝ ብሎ፣ ልክዎን በዓይኑ ወስዶ። አንድ እጅጌ ነው የቀረው።»

ሊቁ ቀና ብሎ አላየም። ኮቱን አጣጥፋ መልሳ ታቀፈችው።

«እጅጌውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ነገ ስንቀብረው እሱኑ አለብሰዋለሁ። ትከሻው ላይ ይሰፋዋል» አለች፣ «ግን ሰው ይልበሰው።»