የመስታወት ቤቱ እኩሌታ

«ፈርሚያ! ብዕር ይዞ መፍዘዝ ምን ይሉታል?» አለ አጎቷ።

ቃሪያ አልፈዘዘችም። ወረቀቱን ደግማ እያነበበች ነበር። «ከሟች አባቴ የሚደርሰኝን ውርስ በፈቃዴ አልቀበልም» ይላል። ከጠረጴዛው ማዶ ሰነድ አረጋጋጯ ማኅተሟን አዘጋጅታ ትጠብቃለች።

አባቷና አጎቷ መስታወት ቤቱን፣ መስታወት ተቆርጦ የሚሸጥበትን ሱቅ፣ በጋራ፣ እኩል ለእኩል ነበር የከፈቱት። አባቷ ኑዛዜ ሳይተው ድንገት ሞተ። ከዚያ ወዲህ አጎቷ ፊቱን አጠቆረባት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሱቁ በር ካለፈች «ደግሞ ልትሰልዪ መጣሽ?» ይላታል። አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ጠበቀና አስጠራት።

«ካልፈረምሽ ያ ዲቃላ እኩል ይካፈልሻል» አላት። «ከፈረምሽ ግን ሁሉም በኔ እጅ ይሆናል፤ እሱ እፍኝ አፈር አያገኝም።»

«ያ ዲቃላ» የሚለው ጉልቤን ነው። አባቷ ከሌላ ሴት የወለደው፣ በጥቂት ወራት የሚበልጣት ልጅ። አንድ ክፍል ይማራሉ፣ ሰላም ግን አይባባሉም። አምና በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት እናቷን ሲሰድባት ወንበር አንስታ ወርውራበታለች። ቃሪያ የሚለው ስም የወጣላት ያኔ ነው።

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችና ቀና አለች። «ከፈረምኩ የኔ ድርሻ ወዴት ይሄዳል?»

«ምን ያደርግልሻል እሱ?» አጎቷ ጣልቃ ገባ።

«ጠየቀች እኮ፣ መልስ ይገባታል» አለች ሰነድ አረጋጋጯ። «አባትሽ ሌላ ልጅ አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያው ድርሻሽ ለእሱ ይሆናል። እሱም አልፈልግም ካለና የአባትሽ ወላጆች በሕይወት ከሌሉ ነው ለአጎትሽ የሚያልፈው።»

«እሱ ፈርሞ እኔ ባልፈርምስ?»

«ሁሉም ያንቺ።»

የአጎቷ የአንገት ደም ሥር ተገተረ። ቃሪያ ዞር ስትል፣ በበሩ መስታወት በኩል ጉልቤን ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየችው። ነገሩ ያን ጊዜ ገባት።

«ጋሼ፣ እሱንም ጠርተኸዋል? ሁለታችንንም ልታስፈርም?»

«አያገባሽም!»

ብዕሩን አስቀመጠች። «አልፈርምም።»

«አባትሽም እንዳንቺ ግግም ያለ ደረቅ ነበር! ሱቁ በር ላይ ዝር በይና እግርሽን ባልሰብረው!»

«እዚህ አይጮህም» አለች ሴትዮዋ። «ቀጣይ!»

ጉልቤ ከወንበሩ ተነስቶ በሩ ላይ ጠበቃት። «ፈረምሽ አይደል? ዘወር በይ፣ እኔም ልገላገል። የዚያን አባት ተብዬ ምኑንም አልፈልግም።»

መንገድ ልትለቅለት አንድ እግሯን አነሳች። ዝም ብትል ይገባል፣ ምንም ሳይጠይቅ ይፈርማል። አባቷ ጎንበስ ብሎ ሲቆርጥበት የኖረው ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ትልልቅ መስታወቶች፣ የአባቷ እኩሌታ በሙሉ የእሷ ይሆናል። እናቷን የሰደበ አፍ፣ ይበለው!

ግን አጎቷ ከውስጥ ሆኖ ፈገግ ብሎ ልጁን በእጁ ሲጠራው አየች።

«አልፈረምኩም» አለችው።

«ምን?»

«ፈርማለች ብሎህ ከሆነ ዋሽቶሃል። ለኔም ስላንተ ዋሽቶኛል። አሁን ብትፈርም ድርሻህ ለኔ ነው የሚሆነው። ካላመንከኝ ግባና ሴትዮዋን ጠይቃት።»

ጉልቤ ከእግር እስከ ራስ ገላመጣት። «እና ምን አስለፈለፈሽ? ከኔ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ካንተ? ምንም። አሁንም አልወድህም።»

«እኔም ዓይንሽን ማየት አልፈልግም።»

«ተግባባን።»

«አንተ ልጅ፣ ና ግባ!» አጎቷ አምባረቀ። «እሷን አትስማት፣ እባብ ናት!»

ጉልቤ ገባ፤ በሩም ከኋላው ገርበብ ብሎ ቀረ። ቃሪያ ወደ ደረጃው አመራች። የእሷ ጉዳይ አልቋል፤ ለጉልቤ እውነቱን በመንገሯ ቤት ደግሞ ከእናቷ ጋር ሌላ ጭቅጭቅ ይጠብቃታል። ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ የጉልቤ ድምፅ ተሰማ፣ እንደወትሮው ሻካራ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

ከዚያ የአጎቷ ጩኸት ኮሪደሩን ሞላው። አንድ ሰው ጠረጴዛ መታ።

ቃሪያ ተመልሳ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጉልቤ እስኪወጣ ልትጠብቀው።