የሰባት ማዕበል ውሃ

«ምን አደረግሽ!» ዊዳድ ባዶውን ጠርሙስ ከጓደኛዋ እጅ ነጠቀች።

ኢልሃም ሰርዲን የበላችበትን እጅ ታጥባ ጨርሳለች። «ምን ያስጮህሻል? ውሃ ነዋ! እሱም ጨው ጨው ይላል።»

«የባሕር ነዋ! የአያቴ ነው፤ የሰባት ማዕበል!»

ኢልሃም አፏን ያዘች። ማራኬሽ ተወልዶ ይህን የማያውቅ የለም፤ ሙሽራ ላይ ከሰባት ማዕበል የተቀዳ ውሃ ካልተረጨ አያቶች እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የዊዳድ አክስት ደግሞ በአሥራ አምስት ቀን ልታገባ ነው።

«ከቧንቧ ቅጂና ጨው ጣል አድርጊበት» አለች ኢልሃም። «ጨውን ከዓሣ ጠባሹ እኔ ለምኜ አመጣለሁ።»

ዊዳድ ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጠችው። አያቷ ጠዋት ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አጥባ፣ ስማ ነበር የሰጠቻት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። አብረዋቸው ለጉብኝት የመጡት የክፍላቸው ልጆች በወደቧ ከተማ በኤስዊራ ግንብ ላይ መድፎቹን ተፈናጥጠው ፎቶ ይነሳሉ።

«እኔ ሄጄ እንደገና ልቅዳ» አለች።

«እኔስ? ጥፋቱ የማን ሆነና!»

በሰማያዊዎቹ ጀልባዎች መሀል እየተሹለከለኩ ሮጡ። መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ «ምን ሰርቃችሁ ነው?» ብለው ጮኹ።

«ሰባት ማዕበል ልንቀዳ ነው አባባ!»

«እንግዲያው የጓደኛሽን ቀሚስ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ! ዛሬ ባሕሩ ተቆጥቷል!»

ዊዳድ ከየማዕበሉ ጥቂት ጥቂት ስትቀዳ ኢልሃም ቆጠረች። አራተኛው ጫማቸውን ሞላው። አምስተኛው ጉልበታቸው ደረሰ። ስድስተኛው ሁለቱንም በጀርባቸው ዘረጋቸው፤ ከሳቅ ብዛት መነሳት አቃታቸው። ዊዳድ ጠርሙሱን ሽቅብ ይዛው ነበር።

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ። መምህር ድሪስ ግንቡ ላይ ቆመው ሁለት እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

«ሰባት ነው በያት በቃ!» አለች ኢልሃም እየሮጡ። «ያ የጣለን ለብቻው የሁለት ያህል ነው። አያትሽ በምን ታውቃለች? ባሕር አይታ ታውቃለች?»

«አንድም ቀን! ዕድሜዋን ሙሉ ሰው እያስቀዳች ነው።»

ዊዳድ ይህን ተናግራ ራሷን ገረማት። ከማራኬሽ እስከዚህ የሦስት ሰዓት መንገድ ብቻ ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ የመምህሩን ቁጣ እየሰሙ ሳለ ስልኳ ጠራ።

«ቀዳሽልኝ የኔ ልጅ?» አለች አያቷ።

ኢልሃም ሰባት ጣቶቿን አውጥታ አሳየቻት። ዊዳድ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ቀድቻለሁ እማማ። ስድስት ነው።»

«ስድስት?!»

«ሰባተኛውን ራስሽ ትቀጂዋለሽ። እሑድ ጠዋት አውቶቡስ አለ፤ እኔ እወስድሻለሁ።»

የአያቷ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ።

«እዚያ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ጫማ ነው የሚያደርገው?»