አጓት

«ዋጥሽው?» አለች ዮርዳኖስ።

«አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ርቦኝ ነበር» አለች ሥርጉት አፏን እየጠረገች። ዐቢይ ጾም ነው፤ እሷ ደግሞ የቄስ ልጅ ናት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ብስኩቱን ከዮርዳኖስ ስትቀበል ማሸጊያውን ገልብጣ «ሚልክ» የሚለውን ቃል በጣቷ እየተከተለች ፈልጋ ነበር፤ የለም። ዮርዳኖስም «አይዞሽ፣ አንብቤዋለሁ፣ የጾም ነው» ብላታለች።

«እንግዲያው ስሚኝ» አለችና ዮርዳኖስ ማሸጊያውን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ ሁሉ አነበበች። «የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ዌይ ፓውደር! ዌይ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ የኔ መነኩሲት? አጓት ነው! አጓት ደግሞ ከወንዝ አይቀዳም፤ ከወተት ነው የሚወጣው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሳምሪ ዴስኩን እየደበደበች ሳቀች፤ አለበል ከኋላ ወንበር ተነስቶ «ይፍቱኝ!» እያለ ተንበረከከ። ሥርጉት ወደ ቧንቧው ሮጣ አፏን ደጋግማ ተጉመጠመጠች። የዋጡትን ግን ውኃ አያወጣውም።

ነገሩ የጀመረው መምህር ቢሆነኝ ስለ አመጋገብ ባስተማሩ ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ የሚበሉትን አምጥተው እንዲያሳዩ አዘው ነበር። ዮርዳኖስ የምትወደውን ኬክ ከነማሸጊያው አመጣች። «ከዝርዝሩ መጀመሪያ የተጻፈው ነው ብዙ ያለበት። ያንቺ በምን ይጀምራል?» አሏት። በስኳር ይጀምር ነበር። ሥርጉት ግን ማሸጊያ የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ከገጠር የመጣላትን ስንቅ፣ ሽሮና ጎመን፣ የባቄላ ቆሎ ይዛ ቀረበች። «ምግብ ማቀድ እንዲህ ነው!» አሉ መምህሩ፤ ክፍሉም አጨበጨበ። ዮርዳኖስ አላጨበጨበችም። ፍኖተ ሰላም ከመጡ ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች ቢሆኑም ቅናት ልቧን በልቶት ነበር።

ከብስኩቱ በኋላ ሥርጉት የሚለው ስም ጠፋ። «አጓት፣ እስክሪብቶ አውሺኝ!» «አጓት፣ ዛሬስ ምን ገደፍሽ?» ስም ያወጣችላት ዮርዳኖስ ናት፤ እየሳቀች ነበር ያወጣችላት። ሥርጉትም በዚያው ዴስክ ላይ ክንዷ የዮርዳኖስን ክንድ እየነካ ትቀመጣለች። ጠላቻት። እንዲህ አድርጋ ሰው እንደምትጠላ ራሷም አታውቅም ነበር።

ቅዳሜ አባቷ ቄስ ኪዳነ ማርያም ስንቅ ይዘውላት ወደ ተከራየችው ክፍል መጡ። ሥርጉት እግራቸው ሥር ወድቃ አለቀሰች።

«አባየ፣ ጾም ገደፍሁ።»

«አውቀሽ ነው?»

«አላወቅሁም። የሰጠችኝ ልጅ ግን ታውቅ ነበር።»

ቄሱ ከወደቀችበት አነሷት። «እንግዲያማ ያንቺ አይደለም፣ ልጄ። ከከበደሽ ስገጂ። አውቆ ዝም ያለው ነው የሚጠየቅበት።»

ሥርጉት ሰገደች። ከሱቅ ደጅ የተጣለ ማሸጊያ እያነሳችም በመዝገበ ቃላት ታጠና ጀመር። ዳግመኛ ማንም እንዲያሞኛት አልፈለገችም። እልሁ ከቃል ቃል ወሰዳት።

በሚቀጥለው የመምህር ቢሆነኝ ክፍለ ጊዜ ሳምሪ የጾም ዋፈር አምጥታ አደለች። አንድ እሽግ ለዴስኩ ደረሰ። ሥርጉት እንደ ልማዷ ጀርባውን አነበበች። ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፤ ታች ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ግራውንድነት»።

ይህን ቃል ታውቀዋለች፤ ኦቾሎኒ ነው። ኦቾሎኒ ደግሞ ዮርዳኖስን ምን እንደሚያደርጋት ከማንም በላይ ታውቃለች። አምና ባለማወቅ በልታ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ስታጣጥር፣ በባጃጅ አቅፋ ሆስፒታል ያደረሰቻት እሷ ናት።

«ምን ታፈጫለሽ፣ አጓት? ወዲህ በይው!» ዮርዳኖስ እሽጉን ነጠቀቻትና ዓይኗን በዝርዝሩ ላይ አሮጠችው። የምታውቀውን የኦቾሎኒ ስም፣ «ፒናት» የሚል ፈለገች። አላገኘችም። ቀደደችው።

ሥርጉት ዝም አለች። ዝምታው ጣፈጣት። አንብባለች እኮ፤ ራሷ አንብባ ራሷ ነው የምትበላው፤ ማን ምን ይለኛል? አለበል ከኋላ «አጓት፣ አንቺም ቅመሽ እንጂ፣ ከገደፍሽ አይቀር!» አላት፤ ዮርዳኖስም ሳቀች። እየሳቀች ዋፈሩን ወደ አፏ አነሳች።

ሥርጉት እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት። ዋፈሩ ወለሉ ላይ ወድቆ ተሰባበረ።

«እንዳትበይው። ግራውንድነት አለበት። ኦቾሎኒ ማለት ነው።»

የዮርዳኖስ ፊት አመድ መሰለ። ማሸጊያውን አንስታ አየችው፤ ከዚያም የሥርጉትን ፊት አየች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ሥርጉት ልትዋሽ ትችል ነበር።

«ገና ሳትከፍቺው» አለች።

ዮርዳኖስ አንገቷን በእጇ ያዘች። ሥርጉት ደብተሮቿን ሰብስባ፣ እስክሪብቶዋን አንስታ፣ ከፊት ወዳለው ባዶ ዴስክ ሄዳ ተቀመጠች።

«ሥርጉት» አለች ዮርዳኖስ ከኋላዋ፣ በቀስታ። ቆይታም ደገመችው። «ሥርጉትዬ።»

ሥርጉት ደብተሯን ገልጣ የዕለቱን ቀን ጻፈች። ዞር አላለችም።