ጣሪያው የደነገጠበት ሙዚቃ

ሎሚ የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚለው ጣሪያው ነው። እውነት! ትንፋሽ ጠባቂ ይሉታል፤ የሰውን አተነፋፈስ ከላይ ሆኖ የሚያዳምጥ፣ የታፈነ ሲያገኝ አየር ለቆ ሐኪም የሚጠራ መሣሪያ። ችግሩ አንድ ነው፤ «ይማርህ» ካለ በኋላ መብራቱ ደብዝዞ ትንሽ ፍዝዝ ይላል። ኤፍራታ ትምህርት ጨርሳ ጥገና ክፍል ከገባች ጀምሮ ያቺን መፍዘዝ ልታስተካክል ያልሞከረችው የለም፤ እምቢ አላት።

ኦርኬስትራው የመሪዋን የትርሲትን አዲስ ሙዚቃ የተለማመደ ቀን ደግሞ የባሰ መጣ። ቫዮሊኖቹ ክሩን በደጋኑ እንጨት ይቀጠቅጡታል። ዋሽንትና ጥሩምባ የያዙት ምንም ዜማ ሳያወጡ እፍፍፍ ብቻ። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ እፍፍፍ! ጠባቂው ሁሉም ትንፋሽ ያጠራቸው መስሎት አየሩን ለቀቀው፤ የኖታ ወረቀቱ በረረ፣ ሐኪሞች ቃሬዛ ይዘው ከተፍ አሉ።

«ኤፍራታ፣ አጥፊልኝ ይሄን ጉድ!» አለች ትርሲት፣ ፀጉሯ ቆሞ።

«ምን ያርግ፣ ሙዚቃሽ አስደንግጦት ነው» አሉ ጋሽ ደባልቄ፣ ቱባ የሚባለውን ግዙፍ ጥሩምባ እንደታቀፉ። «እኔም ራሴ ደንግጫለሁ።»

«ጋሽዬ ደግሞ! ነገ ኮንሰርት እኮ ነው!»

ማጥፋቱ ቀላል ነበር። ግን የእውነት የሚታፈን ሰው ቢኖርስ? ኤፍራታ አላጠፋችውም። ሙዚቀኞቹን አንድ በአንድ አቁማ፣ «እንደ ልደት ሻማ እፍ በሉ» እያለች፣ ጠባቂው እያንዳንዱ ሲጫወት የሚያወጣውን ትንፋሽ ከመታፈን እንዲለይ አስተማረችው።

ኮንሰርቱ መሃል ሁሉም እፍፍፍ ሲሉ፣ ጠባቂው አየር ለቀቀ፤ ከጋሽ ደባልቄ በላይ ብቻ። ትርሲት ኤፍራታን በዓይኗ ልትውጣት ደረሰች። አለቀልኝ አለች ኤፍራታ። ያኔ ቱባው ዘመም አለ። ጋሽ ደባልቄ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ለካ ልባቸው ነው! ለዓመታት አጠገባቸው የተቀመጠው ነፊ እንኳን እየተጫወቱ መስሎት ነበር። ሐኪሞቹ ደረሱላቸው።

ጋሽ ደባልቄ ድነው ወደ ልምምድ ሲመለሱ፣ ትርሲት ኤፍራታን አንገቷን አንቃ ሳመቻት። «እንኳንም አልሰማሽኝ!»

ኤፍራታ መሰላል ላይ ወጥታ ያቺን መፍዘዝ ልትጠግን ካቻቢቴዋን ስታወጣ፣ ከታች ጋሽ ደባልቄ አስነጠሱ።

«ይማርዎት» አለ ጣሪያው። እንደ ልማዱም ፍዝዝ አለ።

ጋሽ ደባልቄ ቀና አሉ። «ያኑርህ፣ ልጄ።»

ወዲያው መፍዘዙ ለቀቀው።

ኤፍራታ መሰላሉ ላይ ደርቃ ቀረች። ብልሽት አልነበረማ! ይማርህ ማለትን ከሰው ነው የተማረው፤ ሰው ደግሞ ይማርህ ሲባል «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል። ይህን ሁሉ ዘመን መልሳችንን እየጠበቀ ኖሯል፣ እኛ ደግሞ ልንጠግነው!

ካቻቢቴዋን ኪሷ ከተተች። ጣሪያውን በመዳፏ ነካ አደረገችና፣ ሳታስነጥስ፣ እሱም «ይማርሽ» ሳይላት፣

«ያኑርህ» አለችው።