ሁለት ጊዜ የተደወለው ደወል

ዲፓንካር ሳንያል ከካልካታ ድረስ መጥቶ፣ ከተራራማዋ ከተማ ከሺምላ በላይ ባለው የጥንት ሆቴል የጎልፍ ሜዳ ላይ በመጀመሪያው ቀን ሰው ሊገድል ምንም አልቀረውም። የእሱ አገር ሜዳ ጠፍጣፋ ነው፤ ኳስ የሚመታ ሰው ጉድጓዱ ላይ የተተከለውን ባንዲራ ያያል። እዚህ ግን ሰባተኛው ጉድጓድ ከኮረብታው ጀርባ ተደብቋል። ቀድመው የሄዱት ተጫውተው ሲጨርሱ ጥዱ ላይ የተንጠለጠለውን ደወል ይደውላሉ፤ እስከዚያ ድረስ ከታች ያለው ዱላውን አያነሳም። ይህ ተነግሮታል። ምን ዋጋ አለው፣ አልሰማም፤ መታ።

ኮረብታውን ሲወጣ አንዲት ወጣት ኳሱን ይዛ ጠበቀችው።

«ጌታው፣ ይህ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። ይቅርታ፣ ሰው ያለ አልመሰለኝም።»

«እኔስ ሰው አልመስልም?» አለችና ቀና ብላ አየችው። በሞቃቱ ሰኔ ፊቱን ብቻ የሚያሳይ የሱፍ ቆብ እስከ አገጩ አጥልቋል። ቁጣዋ እዚያው ሳቅ ሆነባት። «ለካ ጆሮዎን ደፍነውት ነው። ጥዱ ላይ ያሉት ጦጣዎችም አፍጥጠው የሚያዩዎት የጠፋ ዘመዳቸው የተመለሰ መስሏቸው መሆን አለበት።»

ዲፓንካር አፍሮ ቆቡን አወለቀ። የሙቀት አገር ሰው ስለሆነ ነፋሱ ጆሮውን ቢገርፈውም እሷ ባለችበት ዳግመኛ አላጠለቀውም።

ኩሱም ትባላለች። የሆቴሉን እንግዶች ጎልፍ ታስተምራለች፤ አባቷ ባልቢር ኔጊ ደግሞ የሜዳውን ሣር ይንከባከባል።

ዲፓንካር በዚያ ቀን ሜዳውን ሲረግም ነበር የዋለው። ጠባብ ነው፤ ደህና የተመታ ኳስ እንኳ ቁልቁል ተንከባልሎ ገደል ይገባል፤ የተረፈውን ጦጣ ይወስደዋል። በማግስቱ ከኩሱም ጋር ሲጫወት ግን ያው ሜዳ ሌላ ሆነበት። ጉም ከሸለቆው ተነስቶ ሲሸፍናቸው ቆሞ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለም። እሱም ጉሙ ቶሎ እንዳይገለጥ ይመኝ ጀመር።

«ምን ታያለህ?» አለችው አንድ ቀን። «እርስዎ» ማለቱን ከተወች ሰንብታለች።

«ባንዲራውን።»

«ባንዲራው እኮ በዚያ በኩል ነው።»

ኩሱም ፊቷን ወደ ጉሙ አዞረች።

ዲፓንካር የጥርስ ሐኪም መሆኑ ሲሰማ የመንደሩ ሰው ጉንጩን ደግፎ የሆቴሉ በር ላይ ተኮለኮለ፤ በአካባቢው ጥርስ የሚያይ አልነበረም። ባልቢር ብቻ ጉንጩ አብጦ ዳቦ አክሎ ሳለ እምቢ አለ።

«እኔ ለእንግዳ አፌን አልከፍትም። እንግዳ የጀመረውን ሳይጨርስ ይሄዳል።»

ይህን ሲል ልጁን ያያል። ከዓመታት በፊት አንድ እንግዳ ለኩሱም ቀለበት አስሮላት ሄዶ፣ በዚያው ቀርቷል።

በመሄጃው ዋዜማ ዲፓንካር ልቡን አውጥቶ ነገራት።

«እወድሻለሁ። አግቢኝ፤ እዚሁ ክሊኒክ ከፍቼ እኖራለሁ።»

«እመለሳለሁ የማይል እንግዳ የለም» አለች። «የተመለሰ ግን አላየሁም።»

«እመለሳለሁ መች አልኩ? አልሄድም ነው ያልኩት። እምቢ ካልሽኝ ግን ነገ መኪናው ይመጣል፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም።»

ኩሱም የዱላዋን እጀታ ስታሻሽ ቆየች። «ነገ ጠዋት ከፊትህ ወጥቼ እጫወታለሁ። መልሴን ከደወሉ ትሰማለህ።»

በማግስቱ ከኮረብታው ሥር ቆሞ ጠበቀ። ደወሉ ተደወለ። መጀመሪያ ልቡ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ቀዘቀዘ። የዚህ ደወል ትርጉም ገና በመጀመሪያው ቀን ተነግሮታል፤ «ጨርሼ ሄጃለሁ» ማለት ነው። በቃ፣ ሄዳለች። ኳሱን አንስቶ ኪሱ ከተተ፣ ቆቡን እስከ አገጩ አጠለቀና ወደ መኪናው ቁልቁል ወረደ።

መንገድ ላይ ባልቢር አስቆመው።

«አትሰማም እንዴ?»

«ምኑን?»

ሽማግሌው ቆቡን ከራሱ ላይ መንጭቆ አወለቀለት። ደወሉ ይጮሃል። ዝም ይላል፤ እንደገና ይጮሃል።

«ዕድሜዬን እዚህ ስጨርስ ደወል ሁለቴ ሲደወል ሰምቼ አላውቅም» አለ ባልቢር ጉንጩን እንደያዘ። «ምን ይገትርሃል? ገመዱን ሳትበጥሰው ሂድ።»

ዲፓንካር ሮጠ። ኩሱም ገመዱን እንደጨበጠች፣ ዓይኗ ቀልቶ ቆማ ነበር።

«ሄጃለሁ ያልሽኝ መስሎኝ…»

«የሄደ ሰው ለራሱ ይደውላል?» አለች። «ደወል የሚደወለው እኮ ከታች ለቆመው ነው። መንገዱ ክፍት ነው፣ ና ማለት ነው። ሳትመጣ ስትቀርብኝ አንተም እንደዚያኛው እንግዳ መሰልከኝ።»

«አልሄድም ብዬሽ የለ?»

«ኳስህስ የት አለ?»

«ኪሴ ውስጥ።»

ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡ። ገመዱን የያዘውን እጇን በሁለት እጁ ሲይዘው ደወሉ ማንም ሳያስበው ደግሞ ጮኸ።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወርዱ መኪናው ባዶውን ተመልሷል። ባልቢር የተያያዘውን እጃቸውን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ራሱን ወደ ኋላ አስደግፎ አፉን ከፈተ።

«አባዬ፣ ለእንግዳ አፌን አልከፍትም አላልክም?» አለችው ኩሱም።

«አልከፍትም» አለ። «ይህ ግን ከእንግዲህ እንግዳ አይደለም። ና ልጄ፣ ንቀልልኝ።»