መሳቢያ ውስጥ የተገኘው ቀይ ጨርቅ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየማለዳው የባሌን ስድብ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ካርቱም ውስጥ በማጸዳበት የባቡር ሙዚየም በር ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ነው። «ሠራተኛ ይስማው ቀይ ጨርቅ ሳያስር ባቡር ሥር ገብቶ ሞተ፤ ተጠንቀቁ» ይላል። ዐረብኛ ማንበብ አልችልም፤ ይሄን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። ባሌ ይስማው ሳያስር የሚገባ ሰው አልነበረም። ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ።

ደንቡ ቀላል ነው። አሮጌ ባቡር ለመጠገን ከሥሩ የሚገባ ሰው በሾፌሩ ክፍል በር ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ጨርቁ እያለ ፍሬን የሚነካ የለም። የሚፈታውም ያሰረው ብቻ ነው። ሥራ ሲያልቅ ጨርቁ የሾፌሩ ክፍል ውስጥ ባለው መሳቢያ ይቀመጣል።

ከካርቱሙ ጦርነት በፊት በነበረው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሀቡብ፣ የአሸዋ ማዕበል፣ ነፍሶ አለፈ። አሸዋውን ልጠርግ ስወጣ አረንጓዴው የናፍጣ ባቡር ከቦታው አንድ ክንድ ያህል ተንከባሎ አገኘሁት። ከመንኮራኩሩ ሥር ሁለት ጫማ ይታያል። የጋሽ አያሌው ጫማ ነው፣ የሽማግሌው ሾፌር። በሩ ላይ ጨርቅ አልነበረም።

በዚያው ቀን ምሳ ላይ ጋሽ አያሌው፣ «ጸሐይወርቅ፣ ስለ ይስማው ጨርቅ የምነግርሽ አለ። ነገ ዓርብ ሥራ የለም፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ» ብለውኝ ነበር። መካኒኩ ሐቲም አጠገባችን ቧንቧው ላይ እጁን ይታጠብ ነበር።

ቡሊሷ፣ የፖሊስ መኮንኗ ሙላዚም ሱላፋ፣ መጣች። እናቷ የጎንደር ሴት ናት፤ አማርኛዋ ግን ይሰባበራል። አንድ በአንድ ጠየቀችን፤ እኔ የምሳውን ነገር ነገርኳት። ሙዲሩ፣ የሙዚየሙ ኃላፊ ኤልፋቲሕ፣ ከጠዋት ጀምሮ ዐማራት ሰፈር ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ አብረዋቸው የተቀመጡት ሁሉ መሰከሩ። ዘበኛው ጌታሁን ሀቡቡን ሸሽቶ ጎጆው ውስጥ ተዘግቶ ነበር፤ የሾፌሩ ክፍል ቁልፍም የለውም። እኔም የለኝም። ሐቲም ከሀቡቡ በፊት ወደ ሱቅ ዐረቢ ገበያ እንደሄደ ተናገረ። «ስወጣ ጨርቁ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽማግሌው ረስቶ ነው» አለ።

ጨርቁ እውነትም መሳቢያው ውስጥ ተጣጥፎ ተገኘ። ሙዲሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ሁለተኛ ሰሌዳ ልናሠራ ነው» አሉ፣ ወደ እኔ እያዩ።

ሱላፋ ወደ ሾፌሩ ክፍል ይዛኝ ወጣች።

«ኻልቲ፣» አለችኝ እንደ አክስቷ፣ «እዚህ የምትጠርጊ አንቺ ነሽ። ምን ተለየብሽ?»

መስኮቱ እንደተዘጋ ነው። በሩ አልተሰበረም። ወንበሩ ንጹሕ፣ መሳቢያው ንጹሕ። ጨርቁን አንስቼ ዘረጋሁት። አሸዋ ጫማዬ ላይ ረገፈ። ሱላፋ መሳቢያውን በጣቷ ዳሰሰች።

ሲመሻሽ ሁላችንንም ባቡሩ ፊት ሰበሰበችን። ዐረብኛዋ አይሰባበርም።

«አሸዋው ጨርቁ እጥፋት ውስጥ አለ፤ መሳቢያው ውስጥ የለም። ስለዚህ ሀቡቡ ሲነፍስ ጨርቁ ውጭ፣ በሩ ላይ ታስሮ ነበር። ሟቹ አልረሳም። ነፋሱ ሲያልፍ ተመልሶ ከሥር ገባ። ያኔ አንድ ሰው ጨርቁን ፈታ፣ ክፍሉን ከፈተ፣ ፍሬኑን ለቀቀ፣ ጨርቁንም አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተ። ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። የሟቹ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ሙዲሩ ዐማራት ነበሩ። ሦስተኛው ያንተ ነው፣ ሐቲም። ከሀቡቡ በፊት መሳቢያ ውስጥ አየሁት ያልከው ጨርቅ አሸዋውን ከየት አመጣው?»

ሐቲም ባቡሩን አየ፤ ከዚያ እኔን።

«ጨርቅ ፈትተህ ሁለት ሰው ገደልክ» አለችው።

«የይስማው ሳላውቅ ነው። ቸኩዬ ፈታሁት፤ ከሥር መኖሩን አላየሁም።»

ስለ ጋሽ አያሌው አንድ ቃል አልተነፈሰም። በኋላ ሁሉንም ተናገረ፤ ምሳ ላይ የይስማውን ስም ሲሰማ ጋሽ አያሌው ሊያጋልጡት እንደሆነ ገብቶት ነበር። ይስማው በሞተ ቀን ጋሽ አያሌው ጨርቁን ሲፈታ አይተውት ኖሯል፤ የመኖሪያ ወረቀትህን አስቀማሃለሁ ብሎ ስላስፈራራቸው ዘጠኝ ዓመት ዝም አሉ።

ሐቲምን ወሰዱት። ሙዲሩን፣ ሰሌዳው ይውረድልኝ አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ፣ ከበላይ ደብዳቤ ሲመጣ» አሉ።

መፍቻ ፈልጌ በርጩማ ላይ ወጣሁ። አራት ብሎን ነበረው፤ ሁለቱ ዝገው እጄን ላጡት። ሰሌዳውን አውርጄ በፊቱ ደፋሁት። ብሎኖቹን ሙዲሩ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩ።

«ደብዳቤው ሲመጣ እነዚህን ብሎኖች ለደብዳቤው ይስጡልኝ» አልኳቸው።